የወዳጅ ማሽን ሒሳብ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1972 በካሊፎርኒያዋ ሰኒቬል ከተማ፣ አንዲ ካፕስ በሚባል መጠጥ ቤት ውስጥ ፖንግ የተባለ የጨዋታ ማሽን ለሙከራ ተተከለ። ብዙም ሳይቆይ ቀጥ አለ። ከመጠጥ ቤቱ ስልክ ተደወለና ማሽኑን የሠራው የአታሪ ኩባንያ ወጣት መሐንዲስ አለን አልኮርን ሊጠግነው መጣ። ከፍቶ ሲያየው የተቃጠለ ነገር የለም፤ የተበጠሰ ሽቦም የለም። ለካስ ሳንቲም መቀበያው ጢም ብሎ ሞልቶ ኖሯል። በጥጋብ ታሞ ጠጋኝ የተጠራለት ዕቃ ከዚህ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ዘመዶቹም ጠባያቸው ያው ነው፤ 25 ሳንቲም ካልጎረሱ አያጫውቱም። ነገ እከፍላለሁ ቢሏቸው፣ የባለቤቱ የአክስት ልጅ ነኝ ቢሏቸው አይሰሙም። ዛሬ ግን እነዚሁ ማሽኖች አርባ ዓመትና ከዚያ በላይ አስቆጥረው፣ አሜሪካ ውስጥ ከየመጋዘኑና ከየጋራዡ እየተጎተቱ ወደ ሰው ምድር ቤት ሲገቡ፣ በነፃ የሚሠራ አንድ ፍጡር አጠገባቸው ተገኝቷል። እሱም ካቻቢቴ መያዝ የሚያውቅ ጓደኛ ነው። እኔ እንግዲህ ለጓደኛው አሮጌ የአርኬድ ማሽን፣ ማለትም በሳንቲም የሚያጫውት ማሽን፣ የሚያድስ ሰው የላቡን ዋጋ ሊከፈለው ይገባል እላለሁ። ግማሽ ዋጋ፣ የምሳ ግብዣ ወይም «ውለታህን አልረሳም» የሚል ቃል አይደለም፤ ሙሉ ዋጋ። ይህን በማለቴ የሚያኮርፈኝ ሰው እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ጣጣው የሚጀምረው ጓደኛ ማሽኑን በርካሽ የገዛ ዕለት ነው። ማሽኑ የረከሰው ስለማይሠራ ነው፤ ባለ ማሽኑ ግን ይህን እንደ ጥቃቅን እንከን ያየዋል። ስልክ ደውሎ የሚያቀርበው የምርመራ ውጤትም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ይበራል እኮ! ምስሉ ብቻ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። አንተ ብታየው አምስት ደቂቃ አይፈጅብህም።» እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ስሌት የሚሳሳተው። እነዚህ ማሽኖች ለልጅ ልጅ እንዲተላለፉ ተብለው አልተሠሩም። የነጋዴው ሒሳብ ቀላል ነበር፤ አንድ ጨዋታ አዲስ እስከሆነ ድረስ ሳንቲም ይሰበስባል፣ ልጆቹ ሲሰለቹት ይነሣና ሌላ ይተካል። ስለዚህ ብዙው ሣጥን ውሃ ሲነካው እንደ ቂጣ የሚያብጥ ቺፕውድ ነው፤ በውስጡ ያለውም ዕቃ አርባ ዓመት ይቆያል ብሎ የማለ ሰው የለም። ምስክር ካስፈለገ ዶንኪ ኮንግ የተባለውን ጨዋታ መጥራት ይቻላል። የኒንቴንዶ የአሜሪካ ቅርንጫፍ ሬዳር ስኮፕ የተባለ ማሽን 3,000 ያህል አስመጥቶ 2,000 ያህሉ ገዢ አጥቶ መጋዘን ውስጥ ተገተረ። የቅርንጫፉ ኃላፊ ሚኖሩ አራካዋ የጨነቀው ጊዜ አማቱን፣ የኩባንያውን ፕሬዚዳንት ሒሮሺ ያማውቺን፣ አዲስ ጨዋታ እንዲልክለት ለመነ። ሥራው ያን ጊዜ ስሙ እምብዛም ለማይታወቅ ሺገሩ ሚያሞቶ ለሚባል ወጣት ተሰጠ። በ1981 ከጃፓን የተላከው አዲስ ጨዋታ፣ ዶንኪ ኮንግ፣ በእነዚያው ባልተሸጡ ሣጥኖች ውስጥ ተገጠመ፤ ሥዕሉም ተቀየረ። አማች ከአማቱ ያገኘው ውለታ ይህን ያህል ትርፍ ያመጣበት ሌላ ታሪክ አላውቅም፤ ልብ በሉልኝ ግን፣ አማትየውም ቢሆን በነፃ አላደረገውም።

ይህ ታሪክ ለጠጋኙ የሚተርፈው እንዲህ ነው። ጓደኛው ማሽኑን ካስረከበ በኋላ አንድ ትእዛዝ ይጨምራል፦ «እንደ ድሮው፣ ኦርጅናል ይሁንልኝ።» የትኛው ድሮ? የመጀመሪያዎቹ ዶንኪ ኮንጎች ራሳቸው ሲወለዱ የሌላ ጨዋታ ሣጥን ውስጥ የተገጠሙ ናቸው። ሌሎቹም ማሽኖች ቢሆኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጋገሩ ስንቱ ነጋዴ ቀለም ቀብቷቸዋል፣ ስንቱ ቁልፋቸውን ቀይሯል፣ ስንቱ አዲስ ጨዋታ አስገብቶ የድሮውን ጥሏል። «ኦርጅናል» የሚለው አንድ ቃል ጠጋኙን በፎቶግራፍና በድሮ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ሌሊት ሲያፈጥ ያሳድረዋል፤ የዚህ ብሎን ራስ ጥቁር ነበር ወይስ ብርማ? የጎኑ ሥዕል ሰማያዊ የትኛው ሰማያዊ ነው? ይህ የጥናት ጊዜ የትኛውም ደረሰኝ ላይ አይወጣም።

ወደሚንቀጠቀጠው ምስል እንምጣ። ምስሉን የሚያወጣው ጀርባው ያበጠው የድሮ ቴሌቪዥን ዓይነት ቱቦ ነው። ከቱቦው ጋር የተያያዘው ቦርድ ላይ ካፓሲተር የሚባሉ ትንንሽ ቆርቆሮ መሳይ ዕቃዎች ተደርድረዋል፤ በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በዓመታት ብዛት ይደርቃል። ሲደርቅ ምስሉ ይወዛወዛል፣ ይጠባል፣ ጫፉ ይታጠፋል። መድኃኒቱ አሮጌዎቹን ሁሉ ነቅሎ አዲስ መበየድ ነው፤ የዕቃው ዋጋም ከአንድ ደህና ምሳ ብዙ አይበልጥም። ጓደኛው የሚያየው ይህንን የምሳ ዋጋ ብቻ ነው። የማያየው እዚያ ቦርድ ድረስ የሚወስደውን መንገድ ነው። ቱቦው ሲበራ 20,000 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ የተወሰነውን አቅፎ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የካቻቢቴ ብረት በሽቦ ከቱቦው የብረት ማቀፊያ ጋር ይታሠርና ጫፉ በጎማው ቆብ ሥር ቀስ ብሎ ገብቶ «ጧ» እስኪል ይጠበቃል። አንዳንዴ ይላል፣ አንዳንዴ አይልም፤ የሚያስፈራው የማይለው ነው። የሙያው ሰዎች ለጀማሪ የሚሰጡት የታወቀ ምክርም አለ፦ አንድ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት፤ ኤሌክትሪኩ በአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ሲወጣ በልብህ በኩል እንዳያልፍ። ግሩም ምክር ነው። የጓደኛን ማሽን የሚሠራ ሰው እጁ የገባበት ኪስ ግን ባዶ ነው። ይህም ሁሉ ቱቦው ደህና ከሆነ ነው። ፓክማን የሚባለው ጨዋታ ያለባቸው ብዙዎቹ ማሽኖች ለዓመታት ቀን ከሌት ሲበሩ ስለኖሩ፣ ፓክማን የሚሮጥበት መንገድ ቅርጹ ቱቦው ፊት ላይ ተቃጥሎ ቀርቷል፤ ማሽኑ ጠፍቶም ይነበባል። ለዚህ ሌላ ቱቦ ከመተካት በቀር መፍትሔ የለም፤ ያን ዓይነት ቱቦ በገፍ ያመርቱ የነበሩት ትልልቅ ፋብሪካዎች ደግሞ ሥራውን ከተዉት ቆይተዋል። ስለዚህ ጠጋኙ፣ ሰው መንገድ ዳር የጣለውን አሮጌ ቴሌቪዥን እያሳደደ የልቡን አውጥቶ ይተክላል። ጓደኛው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ቴሌቪዥኑን በነፃ አይደል ያገኘኸው?» ይላል።

ባትሪውም የራሱ ጉድ አለው። በ1981 የወጣው የዊሊያምስ ኩባንያ ጨዋታ ዲፌንደር ከፍተኛ ነጥቦችንና የማሽኑን ቅንብር እንዳይረሳ ሦስት ተራ የግድግዳ ሰዓት ዓይነት ባትሪዎች ቦርዱ ላይ ተቀምጠውለታል። ባትሪዎቹ ሳይወጡ ማሽኑ መጋዘን ውስጥ ከተረሳ ያፈሳሉ፤ ፈሳሹም የቦርዱን መዳብ እየበላ ይሄዳል። ካፕኮም የተባለው ኩባንያ ደግሞ በ1993 ባወጣው ሲፒኤስ ሁለት በተባለው ቦርዱ ነገሩን አክፍቶታል። ሌቦች ጨዋታውን እንዳይገለብጡት ተብሎ በምስጢር ተቆለፈ፤ የቁልፉ ቁጥር በባትሪ ብቻ በሚኖር ማስታወሻ ውስጥ ተቀመጠ። ባትሪው ሲያልቅ ቁልፉ ይጠፋል፣ ጨዋታውም አብሮ ይሞታል። የሙያው ሰዎች «ራስ ማጥፊያ ባትሪ» ይሉታል፤ ዘግየት ብሎ ደግሞ እንዲህ የሞቱ ቦርዶችን የማንሣት ዘዴ አግኝተውለታል። ይህን ሁሉ የማነሣው ለአንድ የታወቀ መከላከያ መልስ ለመስጠት ነው። ባለ ማሽኑ ሁልጊዜ «ምንም ሳልነካው ነው የቆመ» ይላል። እውነቱን ነው። ለዓመታት ስላልተነካ ነው የቆመው።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልዙር። የመጀመሪያው «እሱ እኮ ይህን ሥራ ይወደዋል፤ ደስታው ክፍያው ነው» የሚለው ነው። ደስታ መኖሩን አልክድም። ሞቷል ከተባለ ቦርድ ላይ ያንኑ አንዱን የተበላሸ ቺፕ አሳድዶ መያዝ፣ ከዚያ ማሽኑ ድምፁን አውጥቶ ሲነሣ መስማት፣ ደህና ሰውን ያስጨፍራል። ነገር ግን ይህ ደስታ ከጠቅላላው ሥራ ውስጥ ስንት እጅ ነው? የቀረው እኮ ከማጫወቻው ጠረጴዛ ሥር የተለጠፈ የሰማንያዎቹ ዓመታት ማስቲካ መፋቅ ነው፤ በቁልፎቹ መሐል የፈሰሰ የኮካ ዝቃጭ ማጠብ ነው፤ በጭስ ከጠቆረ መስታወት ላይ የትንባሆ ቅጥራን ማውረድ፣ የአይጥ ጎጆ መጥረግ፣ ያበጠ ቺፕውድ ቆርጦ ሌላ መለጠፍ፣ ከዚያም ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ የሰው ቁመት ያለው ሣጥን ጠባብ ደረጃ ላይ ማውረድ ነው። ከሥር ጥቂት ሳንቲም ቢገኝ ደግሞ የማን ነው? ባለ ማሽኑ የእኔ ነው ይላል። ደግሞስ ሥራውን የሚወድ ሰው በነፃ ይሥራ ማለት የት አገር የተደነገገ ሕግ ነው? አዝማሪ ደስ ብሎት ሲዘፍን እንዲያውም ግንባሩ ላይ የሚለጠፈው ብር ይጨምራል እንጂ «አንተ ደስ ብሎሃል» ተብሎ የተለጠፈው አይነቀልበትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ይላል። ኒኮላ ሳልሞሪያ የተባለ ጣሊያናዊ በ1997 ሜም የሚባለውን ፕሮግራም ካወጣ ወዲህ፣ የአርኬድ ጨዋታዎች በሺህ እየተቆጠሩ በተራ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራሉ፤ ታዲያ ማን አስገድዶት ነው ጠጋኙ በአሮጌ ሣጥን የሚሠቃየው? ለድካሙስ ለምን ይከፈላል? ይህ ጥያቄ ለእኔ ክርክር ነው የሚመሰክረው። ጨዋታው በነፃ ወይም በነፃ አጠገብ የሚገኝ ከሆነ ጓደኛው የፈለገው ጨዋታውን አይደለም ማለት ነው። የፈለገው ሣጥኑን ነው፤ እንጨቱን፣ መስታወቱን፣ የቁልፉን ጥብቀት፣ ቱቦው ሲበራ የሚያሰማውን ሹክሹክታ ነው። ከ1978ቱ ስፔስ ኢንቬደርስ አንድ ምሳሌ ልውሰድ። የጃፓኑ ታይቶ ኩባንያ ባልደረባ ቶሞሒሮ ኒሺካዶ የፈጠረው ይህ ጨዋታ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀለም ያገኘው ላዩ ላይ በተለጠፈ ባለ ቀለም ፕላስቲክ ነው። በቋሚው ሣጥን ውስጥ ቱቦው ወደ ተጫዋቹ እንኳ አያይም፤ ምስሉ በመስታወት ተንጸባርቆ፣ መብራት በተተከለለት የጨረቃ ሥዕል ላይ ተንሳፍፎ ይታያል። ኮምፒዩተር ላይ የሥዕሉን ቅጂ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ያን መስታወት ግን አንድ ሰው በእጁ ሊወለውለው፣ ያን ፕላስቲክ አንድ ሰው በልኩ ሊቆርጠው የግድ ነው። እንግዲህ ጨዋታው ነፃ ሆኖ ዋጋ ያለው ነገር የሰውየው ድካም ብቻ ከሆነ፣ ድካሙን በነፃ መጠየቅ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? በዚህ ላይ የቤት ውስጥ ማሽን ያለ ሳንቲም እንዲያጫውት ይቀናበራል፤ ብዙዎቹ ቦርዶች ላይ ለዚህ የተዘጋጀች ማብሪያ አለች። ሆኖም ጓደኛው የሳንቲም መቀበያዋ ቀይ አምፖል ካልበራች ማሽኑን አልረከብም ይላል። ሊከፍልባት እኮ አይደለም። አምሮት ነው። አምሮት ደግሞ በገበያ ሕግ ከሁሉ የሚወደደው ዕቃ ነው።

አንዳንዱ በመሐል «እንግዲያው ሆዱን አውጣውና ትንሽ ኮምፒዩተርና ጠፍጣፋ ስክሪን ክተትበት» የሚል ሐሳብ ያመጣል፤ ብዙ ጊዜም የሚያመጣው ጠጋኙ የሆዱን ግማሽ ጠግኖ ከጨረሰ በኋላ ነው። ሆዱ ቀድሞ የተዘረፈ ባዶ ሣጥን ከሆነ ይሁን፣ አልቃወምም። ሙሉ ማሽን አፍርሶ እንዲህ ማድረግ ግን ለእኔ ነውር ነው።

ሦስተኛውና ለእኛ ሰው ልብ የሚቀርበው ተቃውሞ «በወዳጅ መሐል ገንዘብ ምን አመጣው?» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው አገር ቤት የጉልበት ውለታ በነፃ ሲዞር የኖረ ይመስለዋል። ወንፈል በቀን የሚቆጠር ነው፤ አንድ ቀን ያረሰልህን አንድ ቀን ታርስለታለህ፣ ሁለት ቀን ያረሰልህን ሁለት ቀን። ደቦ የጠራም ሰው ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን ጋግሮ፣ ወጡን ሠርቶ ነው የሚጠራው፤ ማሳው ዳር ደርቆ የተቀበላቸው እንደሆነ በሚመጣው ዓመት ብቻውን ያጭዳል። እንግዲህ የአርኬድ ማሽን ያለው ጓደኛ በወንፈል ይክፈል ቢባል ምን ይዞ ይመጣል? የሒሳብ ሠራተኛ ከሆነ የጠጋኙን ግብር ይሥራለት፤ ሐኪም ከሆነ ወገቡን ይይለት፣ ደረጃው ላይ ተቀጭቷልና። ይህ ከሆነ ገንዘቡ ይቅር፤ እኔም አልከራከርም። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚመጣው ወንበር ስቦ ተቀምጦ «ያኔ ልጅ ሆኜ በዚህ ጨዋታ ማንም አያሸንፈኝም ነበር» እያለ የሚተርክ ሰው ነው። ወዳጅነትን የሚያበላሸው ዋጋ መናገር አይደለም፤ ዋጋው ሳይነገር መቅረቱ ነው። ጠጋኙ ይሉኝታ ይዞት «ክፈለኝ» አይልም፤ ይልቁንስ ያዘገየዋል። ከፋይ ደንበኛ በመጣ ቁጥር የጓደኛው ማሽን ወደ ጋራዡ ጥግ ትገፋለች፣ በላይዋ ላይ ካርቶን ይከመርባታል። ጓደኛውም በነፃ የሚሠራለትን ሰው ማጣደፍ ስለሚያሳፍረው አይጠይቅም። ወራት አልፈው ሰርግ ላይ ሲገናኙ ስለ አየር ጠባይ ይነጋገራሉ። ክፍያ ቢኖር ኖሮ አንዱ «የት ደረሰ?» ማለት ይችል ነበር፣ ሌላውም መልስ ይኖረው ነበር።

አራተኛው ወገን ነገሩን ገልብጦ ይመጣል፦ ገንዘብ ከተቀበልክ ጓደኛህ ደንበኛ ይሆናል፣ ደንበኛ ደግሞ ያማርራል፣ ዋስትና ይጠይቃል። ይህ ሰው በነፃ የተሠራለት ጓደኛ የማያማርር ይመስለዋል! ማሽንን መጨረሻ የነካው ሰው የዘላለም ተጠያቂ ነው። ካፓሲተሩን የቀየረ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ፊውዝ ቢቃጠል «አንተ ከነካኸው በኋላ እኮ ነው» ይባላል፤ ድምፁ ቢሻክር፣ ጆይስቲኩ ቢላላ፣ ሠፈሩ መብራት ቢጠፋበት ስልኩ የሚጮኸው እሱ ዘንድ ነው። የፋብሪካው ሰዎች እንኳ እንዲህ ያለ ዋስትና ሰጥተው አያውቁም። የናምኮ ኩባንያው ቶሩ ኢዋታኒና ባልደረቦቹ በ1980 ያወጡት ፓክማን 256ኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ የስክሪኑ ቀኝ ግማሽ በፊደልና በቁጥር ዝብርቅርቅ ይሞላል፤ ደረጃ የሚቆጥረው ማስታወሻ ከ255 በላይ መያዝ ስለማይችል ነው። ከዚያ ማለፍ አይቻልም፤ የጨዋታው የመጨረሻ ከፍተኛ ነጥብም በዚህ ምክንያት 3,333,360 ሆኖ ተወስኗል። ማንም ለዚህ ኩባንያውን ከሶ አያውቅም ብል የምሳሳት አይመስለኝም። ጠጋኙን ግን በሦስተኛው ደረጃ ላይ የሞተ ጓደኛ «ማንሻው ወደ ግራ እምቢ ስላለኝ ነው» ብሎ ይከሰዋል። የተከፈለበት ሥራ ቢያንስ ወሰን አለው፤ ይህን ሠራሁ፣ ያንን አልነካሁም፣ እስከዚህ ወር ድረስ ከተበላሸ እመለሳለሁ፣ ከዚያ በኋላ አዲስ ሒሳብ ነው ይባላል። ለጓደኝነት የሚያስፈልገው ይህ ወሰን ነው፤ ሰውየው ስልኩ ላይ የጓደኛውን ስም ባየ ቁጥር ልቡ እንዳይደነግጥ።

እርስዎም አንባቢዬ እንዲህ ያለ ማሽን ገዝተው ከሆነ፣ ወደ ወዳጅዎ ከመደወልዎ በፊት የሚከተለውን ቢያደርጉ ደግ ነው። የቦርዱን ፎቶ ከፊትም ከኋላም ያንሡ። ተራ ባትሪ ከተቀመጠበት ዛሬውኑ ያውጡት፤ የካፕኮም ቦርድ ከሆነ ግን እጅዎን ይሰብስቡ፣ ባትሪውን እንዳይነኩ። ቱቦው አጠገብማ ጨርሶ አይጠጉ። «ኦርጅናል» ሲሉ ምን ማለትዎ እንደሆነ አስቀድመው ይወስኑ። ማሽኑን ለማጓጓዝ ጎበዝ ጎበዝ ወጣቶች ይዘው ይሂዱ፤ የዕቃውን ዋጋ በቅድሚያ ያስይዙ። የእጁን ዋጋ ደግሞ እሱ ሳይጠይቅ እርስዎ ይጥሩለት። «ተው እንጂ፣ በእኛ መሐል!» ብሎ መግደርደሩ አይቀርም፤ ብሩን ወደ ኪስዎ አይመልሱ፣ እንደገና ይለምኑት። በሦስተኛው ይቀበልዎታል።